በመጀመሪያው ዙር የሚወድቀው

ከድሬ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ የሰፈራችን የሳቢያን ሰው ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ተቀምጧል። ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ የጫነልኝ ሙክታር ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ቴኳንዶ አብረን ተለማምደናል። እውነቱን ልንገራችሁና እሱ ይበልጠኝ ነበር።

ኢስታንቡል ውስጥ ስለ ዓለም አቀፍ የፍልሚያ ውድድር ፊልም ሊሠራ ነው፣ ከየአገሩ ተፋላሚ ይፈለጋል ሲባል ሁለታችንም ቪዲዮ ላክን። የተመረጥኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም።

«አቦ፣ ፊትህን አታጥቁር» አለኝ ሙክታር። «አንተ ቅደም፣ እኔ እከተልሃለሁ።»

ኢስታንቡል ስደርስ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ፖሊስ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ፊልም ላይ ልፋለም።»

«ታሸንፋለህ?»

«አይ፣ በመጀመሪያው ዙር እሸነፋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለመሸነፍ ይሄን ያህል መንገድ?» አለና ማህተሙን መታልኝ።

እውነትም ተሸነፍኩ። ሦስት ምት ሰንዝሬ በአራተኛው እወድቃለሁ፤ ያንኑ መውደቅ ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግመው ቀረጹት። ደረቴ ላይ የተለጠፈው ባንዲራ የእኛ አልነበረም። ዳይሬክተሩን ብጠይቀው «የእናንተን ሰፊው አላደረሰም» አለኝ።

ቀረጻው ሲያልቅ አልተመለስኩም። ልብስ ስፌት ቤት ገብቼ ሸሚዝ መተኮስ ጀመርኩ፤ የምኖረውም ምድር ቤት ሆነ። ግድግዳው ውሃ ሲያዣ አከራዬን ጠርቼ ባሳየው «ባሕሩ ቅርብ ነው ብዬህ አልነበር?» አለኝ። በድሬ ሙቀት ስማረር የኖርኩት ሰው፣ ያን ሙቀት በሕልሜ አየው ጀመር። ጠዋት የስፌት ቤቱ ሰዎች የወይራ ፍሬና አይብ ሲበሉ፣ የሙክታር እናት ሀሊማ የምትጠብሰው ሳምቡሳ ይሸተኛል።

ለሙክታር ይሄን አልነገርኩትም። ሲደውል የቀረጻውን ፎቶ ነበር የምልክለት። አንድ ቀን «የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ይሠራል ይላሉ» አልኩት። ብለው ነበር፤ እኔ ግን እንደማይሆን አውቅ ነበር። እሱ ግን አምኖኝ ቪዛ ጠየቀ፤ ሲከለክሉት በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ሊመጣ ተነሳ። ጀልባው ላይ ሊወጣ ሲል ደወለልኝ።

«አገሩ እንዴት ነው?»

«ቆንጆ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። ሁለት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓርብ ሀሊማ ደወለችልኝ። እኔም እንደ ልጇ «ሆዮ»፣ እናቴ ነው የምላት። ፊልሙን ጎረቤት በፍላሽ አምጥቶላት ሦስት ጊዜ አይታዋለች።

«አየሁህ ልጄ። ስትወድቅ አመመህ?»

«አላመመኝም ሆዮ፣ ፍራሽ ነበረው።»

«መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ስትሰለፉ፣ ከኋላህ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ልጅ አለ። አካሄዱ የሙክታር ነው። ዋላሂ፣ እሱ ነው።»

ልጁን ከቀረጻው ጀምሮ በመልክ አውቀዋለሁ፤ የዚያው የኢስታንቡል ልጅ ነው።

«እሱ አይደለም ሆዮ። ፊልሙ ሲቀረጽ ሙክታር እኮ አንቺ ጋ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ነኝ ቁርሱን ሳቀርብለት የነበርኩት። ግን አንተ እዚያው ነህ። ልጁን ፈልገህ አነጋግርልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«ስሙን ጠይቀው።»

እሺ አልኳት።