በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ

አምቦ ያደገ ሰው ለፍልውሃው የማያሸክመው ሥራ የለም። ሆዱ ሲነፋው ይጠጣዋል፣ ቆዳው ሲሻክር ይታጠብበታል፣ ብሎን ሲዝግበት ይዘፈዝፍበታል። እኔም የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝና፣ የባለቤቴን ሚኒባስ ውስጧን ላጸዳ የተነሳሁ ዕለት የቧንቧውን ትቼ አንድ ጀሪካን የምንጭ ውሃ አስመጣሁ። በማግስቱ ሰርገኛ ልትጭን ነበር።

መኪናዋ ስንገዛትም አዲስ አልነበረችም። ከአምቦ ጉደር፣ ከአምቦ አዲስ ዓለም ስትመላለስ የበሮቿን ፕላስቲክ የማዳበሪያ ጆንያ ፈግፍጎታል፣ የዶሮ ቅርጫት ቧጭሮታል፣ የሴት ጫማ ተረከዝ ወግቶታል። ጥቁሩ ዳሽቦርድ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሕፃን በሳንቲም ቤት ሥሎበታል። ያን ሁሉ በሳሙናና በዚያ ውሃ ፈትጌ፣ ሳላደርቀው በሩን ዘጋሁት።

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይስቅብኝ ነበር። "አዴ ሳሙና፣ ወይዘሮ ሳሙና! ቆዳዋን ገፍፈሽ አጥንቷን እንዳታወጪው።"

"አንተ ዝም ብለህ ንዳ፣ ጃርሳዬ። የሙሽራዋ ቀሚስ ቢቆሽሽ የምትሰደበው አንተ ነህ።" ሽማግሌዬ ማለቴ ነው። ገና ሽማግሌ አልነበረም፤ ግን እንዲህ ስለው ደስ ይለዋል።

ጠዋት በሩን ስከፍት ሳቄ መጣ። ውሃው ደርቆ ጨዉን በየጭረቱ ውስጥ ትቶታል። እያንዳንዷ ጫር ያለች ነገር በጠመኔ የተጻፈች ይመስል ነጥታለች። የዚያ ሕፃን ቤት እንኳ ከነመስኮቱ፣ ከነበሩ ፍንትው ብሏል። ከዚያ ዓይኔ ወደ መሪው ሥር ሄደ፤ ሳቄም እዚያው ቀረ።

በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ዶሮ የጫረችው መሬት መስሏል። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፤ አንዳንዱ ከቀዳዳው ሁለት ጣት ያህል ርቆ። ቁልፉ ቀዳዳውን ሲፈልግ ያጣባቸው ቦታዎች ናቸው። የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለካ "ሞተሯ ትሙቅ" እያለ ማንም ሳይመጣ ብቻውን የሚገባው ለዚህ ኖሯል። ለካ አመሻሽ ላይ መንዳት የተወው ደክሞት አልነበረም። ጎረቤታችን ከጎኑ ቆማ "አካም ቡልቴ?" ብላ ደህና አደርክ ስትለው ክው የሚለው፣ እኔም "ሐሳብ ገብቶት ነው" እያልኩ የማስተባብልለት ነገር ሁሉ ዓይኑ ኖሯል።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ እሱ መጣ። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ያ ሁሉ ነጭ ጭረት ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ "አበራሻት እኮ!" አለኝ።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ሰርገኛው ግን እየጠበቀ ነው፤ ደግሞ ከዚህች መሪ ሌላ እሱ የሚኮራበት ነገር አላውቅም። "ቆይ፣ ትንሽ ቀርቷታል" አልኩና ጨዉን በጨርቅ ጠራረግኩለት። ሄደ። በሰላምም ተመለሰ። በሰላም መመለሱ ነው እኔን ያዘናጋኝ።

ከቤታችን ፊት ያለችው ክፍል የሴቶች ጸጉር የምሠራባት ናት። እሑድ ደንበኛ ሳይኖር ጸጉር ማድረቂያውን ፎን በረጅም ገመድ እስከ ግቢው አወጣሁት። ፕላስቲክ እንደ ጸጉር ነው፤ ፎኑን ካስጠጉት ይቃጠላል፣ ካራቁት አይተኛም። ማንም አላስተማረኝም፤ መጀመሪያ በሩ ላይ ስሞክር አንዱን ቦታ አሳርሬ ክፉኛ አብለጨለጭኩት። እጄ ሲለምድ ግን፣ ሞቅ ሲለው የነጣው ጭረት መልሶ ይጠቁራል፣ በጨርቅ ሲታሽም ጠርዙ ይሞታል። ጥልቁ በሙቀት ስለማይጠፋ የጫማ ቀለም በክብሪት እንጨት ሞላሁበት።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ "ለመኪና ፎን? በይ ቢጉዲም ጠቅልይላት!" አለችኝ።

"ሙሽራ ናት፣ ምን ታውቂያለሽ" አልኳትና አብሬ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቁልፉ ጋ አዲስ ጭረት ነበረ። አጠፋሁት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ለራሴ የምነግረው "ከጎኑ የሚቀመጥ ተሳፋሪ እንዳያይበት ነው፣ ስሙ እንዳይነሳ ነው" እያልኩ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ግን እኔም ማየት አልፈለግኩም። አራት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉደር ባዶ መኪና ይዘን ስንመለስ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ሽንኩርት የተሸከመች ሴት በስተቀኝ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ስትሄድ ከሩቅ አየኋት። እሱም ያያታል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ፣ ዝም አልኩ፣ ከዚያ ጮኽኩ።

ጎማው አልነካትም። ስትሸሽ ወድቃ ሽንኩርቷ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ወርጄ ይቅርታ እየጠየቅኩ ስለቅምላት በኦሮምኛ፣ "ዓይን የለውም እንዴ ሰውዬሽ?" አለችኝ። የመጨረሻዋን ሽንኩርት አቀበልኳት።

ስመለስ መሪውን እንደጨበጠ ነው። "ከየት መጣች?" አለኝ።

ከየትም አልመጣችም። ፊታችን ነበረች።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

ይቆጣል ብዬ ነበር። ነቅሎ ዘረጋልኝ። ቁልፉ መጀመሪያ አንጓዬን ነካኝ፣ ቀጥሎ አውራ ጣቴን፣ ከዚያ መዳፌን አገኘው።

አዲስ አበባ ያየችው የዓይን ሐኪም ወጣት ናት፣ ትሁትም ናት። "መቼ ነው ያስተዋላችሁት?" አለች። እሱ "ሰሞኑን ነው" አለ። እኔ "አራት ወር አልፎታል" አልኩ። እስክሪብቶዋ ቆመ። በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን አለች። ቀጥላም፣ "ያኔ ብትመጡ የምንጠብቀው ይበዛ ነበር።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ እንኳ አይደለም፤ ከትከሻዬ አለፍ ብሎ ወዳለው ግድግዳ። "ታውቂ ነበር?"

"ቁልፉ ጋ... ተጭሮ ነበር" አልኩት።

መኪናዋን ከእኛ የገዛት ሰው ከሆለታ የመጣ ነው። በሩን እየከፈተ፣ ዳሽቦርዱን በመዳፉ እየዳበሰ፣ "ውስጧስ አዲስ ናት በሉኝ! የያዛት ሰው ጠንቃቃ ነው፣ ኦቦ" አለ።

ባለቤቴ እዚያው በረንዳው ላይ ነበር። "እኔ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ናት" አለው። "አንዲት ጭረት አታሳልፍም።"

ፊቱን አየሁት። ምሬት ይሁን ምስጋና መለየት አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም።

ገዢው ወንበሩ ላይ ወጣ። እያወራን፣ ዓይኑ እኛ ላይ እንዳለ፣ ቁልፉን በአንድ ጊዜ ሰካው።