ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰውዬ

በዚያች የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ ስለ አየር ንብረት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሰውዬው ይመጣል። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጎኑ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ያኖራል። በዚያ ሙቀት እንኳ እጅጌውን አይሰበስብም፤ ሻይ የምታድለው ማቪስ ግን ኩባያውን ሲቀበላት አንጓው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አይታለች።

ዛሬም ከብት አርቢው ዴዝ፣ «ጫካው ድሮም ይነድ ነበር! የድንጋይ ከሰል ማዕድኑን ዝጉና ልጆቻችን ምን ይብሉ?» ብሎ ጮኸ።

መምህርቷ፣ «እንደ አምናው ሲነድ አይተህ ታውቃለህ? እስቲ እውነቱን ተናገር!» አለችው።

ማቪስ ጭቅጭቁ ሰለቻት። ወደ ሰውዬው ጎንበስ ብላ፣ «አንተስ የማን ወገን ነህ?» አለችው።

«እኔ የዴዝን ነበር የምለው፤ ባለቤቴ የመምህርቷን። ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው» አላት ድክም ባለ ድምፅ። «ከእሳቱ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚከራከረኝ የለም። እዚህ ስመጣ የእሷን ቃል እሰማለሁ።»