ዋሴ በስልክ የተናገረው

ፒያሳ ውስጥ የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል። መምህር አልነበረኝም። ሰው የጣለውን ራዲዮ እየፈታሁ፣ አብሮት የመጣውን የጣልያንኛና የእንግሊዝኛ መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈለፈልኩ፣ ሥራውንም ቋንቋውንም በራሴ ተማርኩ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ከከተማ ርቆ ያለ አንድ የጥጥ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምቼ ጻፍኩ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ኢንጂነሩ በስልክ እንደሚፈትነኝ መለሰልኝ። ዋሴም አጠገቤ እንዲገኝ አዘዘ። ያለ ዋስ ማን ይቀጥራል? የምሠራበት ሱቅ ባለቤት፣ ጋሼ የምለው ሰው፣ "እኔ እያለሁልህ!" አለኝ። ስልኩም የሱቁ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። የሽቦውን ውፍረት፣ የሞተሩን አጠማጠም በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጋሼ የጫማ ብሩሽ ጆሮው ላይ አድርጎ ኢንጂነር ይሆንልኛል።

"ሃሎ! ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ምን ታደርጋለህ?"

"መጀመሪያ መብራቱን አጠፋለሁ፣ ጋሼ።"

"የምን ጋሼ? ፈረንጅ ነኝ እኮ! ደግሞ እጅ አትንሳ፤ በስልክ አያይህም።"

በቀኑ ክራባት አስሬ መጣሁ። ጎረቤታችን ወርቅ ሠሪው፣ "ለስልክ? ሽቶም ተቀባለት እንጂ!" ብሎ ሳቀብኝ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር፤ አንድም ጊዜ ሳልንተባተብ መለስኩ። እንዲያውም አንዱን ጥያቄ አረምኩለት። ኢንጂነሩ ሳቀና፣ "በጣም ጥሩ። አሁን ዋስህን አቅርብልኝ" አለ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አያውቅም። ኢንጂነሩ ጣልያን ስለነበር፣ ጋሼ በወረራው ጊዜ በለመደው ጣልያንኛ ያዋራው ጀመር። ጣልያንኛ ማንበቤን ያውቃል፤ ከወረቀት የተማረ ሰው ሲነገርም ይሰማል ብሎ ግን አላሰበም።

"እጁ ጥሩ ነው" አለ፣ ትከሻዬን እየደባበሰ። "ግን አይረጋም። የሰው ዕቃ ፈትቶ ጥሎ የሚጠፋ ነው። እኔ ዋስ አልሆነውም።"

ስልኩን ዘጋና ፈገግ አለ። "አሞጋገስኩህ፣ ልጄ! ደብዳቤ ይጽፉልሃል።"

አምስት ዓመት ስሠራለት አንድም ዕቃ ፈትቼ ጥዬ አላውቅም። እንዳልሄድበት ብሎ ነው፣ ይገባኛል። "አትሂድብኝ" ቢለኝ ምናልባት እቀር ነበር። ያለውን ሁሉ ቃል በቃል በጣልያንኛ መልሼ ነገርኩት። እጁ ከትከሻዬ ላይ ወረደ።

ጠረጴዛዬ ላይ የተፈታ ራዲዮ ነበር። ቃሉ እውነት እንዳይሆንለት፣ ክራባቴን እንኳ ሳልፈታ ገጣጥሜ፣ ድምፁን ሞክሬ፣ ለባለቤቱ በእጄ አስረክቤ ወጣሁ።

ፋብሪካው አልጻፈልኝም። ሌላ ዋስ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ የምለምነው ሰው ሁሉ፣ "አምስት ዓመት የሠራህለት ሰው ለምን አልሆነህም?" ይለኛል።