ባለ አራት ማዕዘኑ ብሎን

ናይሮቢ የቆየ ሐበሻ መኪናው ሲያስቸግረው ወደ ማን እንደሚደውል ጠይቁት፤ የእኔን ስም ይነግራችኋል። የሞተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ የጣሊያን መኪኖች ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። እንግሊዝኛን ከመለዋወጫ ካታሎግ፣ ስዋሂሊን ማታቱ ከሚባሉት ሚኒባሶች ረዳቶች ለቀምኩ። ዛሬ ኢንጂነር የተባሉ ሰዎች ኮፈን ከፍተው "ጋሼ፣ እስቲ ያዳምጡልን" ይሉኛል። ጉራ አይደለም፤ ቢሆንም ደግሞ ይገባኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳራ ኢምባካሲ፣ ከመጋዘኖቹ መሀል ወዳለችው ትንሽ የጥንት መኪኖች ሙዚየም ወሰደችኝ። መሥራቹ ምዜ ካማው፣ እንደኛው ጋሼ ካማው ማለት ነው፣ ካረፉ ወዲህ እግሬ አልረገጣትም ነበር። ጥጉ ላይ ያለችው ጥቁር የእንግሊዝ መኪና ፊት ስንደርስ ሳራ ካርዱን አነበበችልኝ፦ "ሁሉም ክፍሎቿ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው።"

"ውሸት ነው!" አልኩ።

"አባባ፣ ፕሊዝ! ሰው እያየን ነው።"

ያቺን መኪና ያወቅኳት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ተጭኜ ከመጣሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የሚያዝያ ዝናብ ነበር። ቀዩ ጭቃ ጫማዬን እየነጠቀኝ፣ መንገድ ዳር በሎሚና በሚጥሚጣ የታሸ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ሥራ ስፈልግ ላቪንግተን ደረስኩ። ምዜ ካማው እዚያ ግቢያቸው ውስጥ ሰው የጣላቸውን አሮጌ መኪኖች ይሰበስቡ ነበር። ኢምባካሲ አንድ መጋዘን አግኝተው ሙዚየም የማቋቋም ሐሳብ ነበራቸው። የመጋዘኑ ባለቤቶች ቅዳሜ ሊመጡ ነው፤ አንዷ መኪና እንኳ ተነስታ ካዩ መጋዘኑን ሊሰጧቸው፣ ካልተነሳች ግን ለሌላ ሊያከራዩት። ለእኔም ያቺ ሞተር ማለት ሥራ ማለት ነበረች፤ ካልሆነ ተመልሶ ሞያሌ።

"ትችላለህ?" አሉኝ ጥቁሯን መኪና እያሳዩ።

"ምዜ፣ በሦስት ቀን እንደ ድመት አስጉረመርማታለሁ።"

ከአገሬ ያመጣኋቸውን ቁልፎች ዘረጋሁ። የሚያፈሰውን የውኃ ፓምፕ መጀመሪያ ማውረድ ነበረብኝ፤ ስድስት ብሎኖች ነበሩት። አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አልገባም። አሥራ ሦስት ገባ፤ ግን ትንሽ ይጫወታል። ዝገት ነው ብዬ በሙሉ ጉልበቴ ጫንኩት። የብሎኑ ራስ ተበልቶ እንደ እንቁላል ክብ ሆነ። በጣሊያን መኪና ላደገ ሰው ብሎን ሁሉ በሚሊሜትር ነበር የሚለካው፤ እንግሊዞች በኢንች እንደሚለኩ ማን ነገረኝ?

ምዜ ጎንበስ ብለው አዩ። "ምን ሆነ፣ ፉንዲ?" ፉንዲ ማለት ባለሙያ ማለት ነው፤ ያን ዕለት ግን ስድብ መሰለኝ።

"ብሎኑ የበሰበሰ ነው" አልኩ።

"ሰኞ ዕለት ራሴ ነኝ ያጠበቅኩት። ሰኞ ደህና ነበር።"

ቁልፉን በጨርቅ ጠረግኩ።

"እኔ ነኝ የበላሁት" አልኩ በመጨረሻ።

"እንግዲህ አሁን መሥራት እንችላለን" አሉና ሻይ አስመጡልኝ።

በማግሥቱ ጊኮምባ፣ ጁዋ ካሊ ወደሚባሉት የሜዳ ብረት ሠሪዎች ዘንድ ሄድኩ። ስማቸው "ኃይለኛ ፀሐይ" ማለት ነው፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ በዝናብ ተደበደብን። የብረት ማሰሪያ ሞርሳ ለመንኩና አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፌን በሊማ እየሞረድኩ፣ እየለካሁ፣ ልክ የኢንቹን ብሎን እስኪይዝ አሰፋሁት። "ኢትዮጵያዊ፣ መኪናህን በሙሉ እዚሁ ልትሞርዳት ነው?" እያሉ ሳቁብኝ። ወደ ምዜ ግቢ ስመለስ አምስቱ ብሎኖች በዚያ ቁልፍ ወጡ። የተበላውን በመሮ ቆርጬ አነሳሁና ከወፍራም ብረት ሌላ ሠራሁ። ስድስት ጎን ለማውጣት ጊዜ አልነበረኝም፤ አራት ማዕዘን አድርጌ የታደሰውን ፓምፕ በእሱ አሰርኩት።

ቅዳሜ ሦስቱ የመጋዘኑ ባለቤቶች ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። ማኖቬላውን፣ ያን የማስነሻ ዘንግ፣ አዞርኩ፤ ዝም። ደግሜ አዞርኩ፤ አስነጠሰችና ዝም። አንደኛው እንግዳ ሰዓቱን አየ። በሦስተኛው ክንዴ ሊገነጠል ደርሶ ነበር፤ ሞተሩ ያዘ፣ ጢሱ ግቢውን ሞላው፣ ምዜም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እንግዳው ኮፈኑ ሥር እያየ "ይሄ አራት ማዕዘን ነገር ምንድን ነው?" አለ።

"የፉንዲያችን ፊርማ ነው" አሉ ምዜ።

መጋዘኑ ተሰጠ።

ይህን ሁሉ ለሙዚየሟ አስጎብኚ ስነግራት አላመነችኝም። ኮፈኑን ክፈቺ አልኳት። ከፈተች። አምስት ባለ ስድስት ጎን ብሎን፣ አንድ ባለ አራት ማዕዘን። ሳራ ስልኳን አውጥታ "አባባ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ እውነትህን ነው!" እያለች ፎቶ አነሳችው። አስጎብኚዋ እስክሪብቶ ይዛ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ አለችኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኳት፦

ለዓመታት ያልተነሳችን መኪና በሦስት ቀን አስነሳ።
የሚሊሜትር ቁልፍ በሊማ ሞርዶ ኢንች አደረገ።
ብሎን በእጁ ሠራ፤ ፓምፑ እስከ ዛሬ አላፈሰሰም።
ከዚያ በኋላ የዚህን ቤት ሰባት መኪኖች አስነሳ።
ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምሮ፣ ከተፈቀደለት፣ ዘጠነኛዋን ይጀምራል።
ከሁሉ በፊት ግን አንድ ደህና ብሎን በላ፤ በላሁም አለ።