ስም ያልዞረላት ሸቭሮሌት

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ላይ፣ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና የወንበሩ የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ረዳቱ «እህት፣ ጠጋ በያ» እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ እኔ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር።

አባቴ ቡራዩ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ዕድሜውን የሰው መኪና ሲጠግን ኖሮ የእኔ ያላት አንዲት ሰማያዊ ሸቭሮሌት ብቻ ናት። መጀመሪያ ያመጣት መንገድ ሊሠራ የመጣ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው ይባላል። አገር ለቆ ሲሄድ ለሾፌሩ ሸጠላቸው። እሳቸው የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ እንዳትወሰድባቸው ጭድ ከምረውባት ዓመታት ደበቋት። እኛ ስናውቃቸው አርጅተው እግራቸው ፍሬን መርገጥ ተስኖት ነበር። ለአባቴ ሲሸጡለት ታዲያ አንድ ነገር ለመኑት።

«ሊብሬው ላይ ስሜ ይቆይልኝ። እስክሞት ብቻ።»

አባቴ እሺ አለ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ እራት አልበላም ብላ ተኛች። «ሽማግሌ ለምኖኝ እንዴት እምቢ ልበል?» ይላል እሱ። ይሉኝታ እንደ አባቴ የተጫወተበት ሰው አላየሁም።

በየዓመቱ የመኪናዋ ምርመራ ሲደርስ፣ ባለስሙ እሳቸው ናቸውና ሱሉልታ ድረስ ሄዶ ይዟቸው ይመጣል። ከረባት አስረው በር ላይ ይጠብቁናል። «አካም ቡልታኒ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይላቸዋል አባቴ ከመኪናዋ ወርዶ፤ እሳቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጋሉ። እኔ ኋላ እቀመጣለሁ። መኪናዋ እሑድ እሑድ ለሠርግ ተከራይታ ሙሽራ ስለምትጭን ወንበሩ የአበባና የሽቶ ሽታ አይለቀውም ነበር፤ እሳቸው ግን መስኮቱን ከፍተው «አሁንም ቤንዚኗ ይሸታል» እያሉ ደስ ይላቸዋል። እወዳቸው ነበር፣ አልዋሽም።

የሞቱ ዕለት አባቴ መኪናዋን አጥቦ «ሚስታቸውን ቀብር የምታደርሳቸው እሷ ናት» አለ። ሄድን። ከቀብር ስንመለስ ሰፈርተኛው ደጁ ላይ ድንኳን ሊተክል ገመድ ይዘረጋል። የሟቹ ትልቅ ልጅ ወደ አባቴ መጣ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ቁልፉን ስጠኝማ፤ ድንኳኑ መሀል ገባች፣ ላዙራት።»

አባቴ ሰጠው። ሊብሬውም፣ ሽያጩን በእጅ የጻፉበት አንድ ቅጠል ወረቀትም ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ልጁ መኪናዋን ከቤቱ ጀርባ አስገብቶ የቆርቆሮውን በር ሲዘጋ አየሁት። ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«አባዬ፣ ወረቀቱ» አልኩ በሹክሹክታ።

እጄን ጨበጥ አደረገው። «ለቅሶ ቤት ነው። ዝም በይ።»

 እስከ ማምሻው ተቀምጠን ንፍሮ በላን፤ ቁልፉን የጠየቀ የለም። ፕላስቲክ በሚሸት ሚኒባስ ተመለስን። እናቴ በሩን ከፍታ ከኋላችን መኪናዋን ፈለገች፣ ከዚያ የአባቴን ፊት አይታ በሩን ዘጋች።

«አርባቸው ይውጣ» አለ አባቴ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የንብረት ነገር አይነሳበትም። አርባው ወጣ፤ ሽማግሌ ላከ። ልጁ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ «በአባቴ ስም ያለች መኪና ናት። ሌላ ወረቀት ካላችሁ አምጡ» አላቸው። የሟቹ ሚስት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። መኪናዋ ለካ ለአንድ የሰበታ ሰው ከተሸጠች ሳምንት አልፏታል።

አባቴን ብዙ ዓመት ተቀየምኩት። ራሴንም እንዲሁ። ያን ቀን ጮክ ብዬ ባወራ ምን እሆን ነበር? ነውረኛ ልጅ እባል ነበር፤ እሱም ያልፋል። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ የራሱን መኪና አልገዛም፤ ጋራዡንም ቀስ በቀስ ተወው።

አንድ እሑድ ሰበታ ዘመድ ጠይቀን ታክሲ ስንጠብቅ የሠርግ አጀብ መጣ። ከፊት ሪባን የታሰረላት ሰማያዊዋ ሸቭሮሌታችን ነበረች። ሙሽራዋ በመስኮት እጇን ታውለበልባለች። ደሜ ፈላ፤ ዛሬስ ይናገራል ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ ግን አንገቱን አዘንብሎ ሞተሩን ያዳምጣል። አጀቡ አለፈ።

«ዳገት ላይ ቶሎ ትግላለች» አለ በመጨረሻ። «ለሾፌሩ የነገረው ሰው ይኖር ይሆን?»