ንብ እምቢ ያለው ቀፎ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቦንጋ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ከቤታችን ሰው የምደሰተው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያኔ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አድማሱ ማንደጃው አጠገብ ይቀመጡና ተረት ይጀምራሉ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበሩ ተረቱ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል ካልሸጎጡ አይሆንላቸውም፤ በእሳቸው አፍ ጅቡም ዝንጀሮውም እንግሊዝኛ ይሞካክራሉ።

መብራት በጠፋ አንድ ምሽት ተረቱ ስለ አንድ ንብ አናቢ ነበር። ሰውየው ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ንብ አልገባ አለው፤ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፣ ጎረቤት ሳቀበት፣ እሱ ግን ከዛፉ ሥር ንቅንቅ አላለም።

«‹ጊቭ አፕ› ማለት ተስፋ ቆርጦ መተው ነው» አሉ ጋሽ አድማሱ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «እሱ ጊቭ አፕ አላደረገም። በመጨረሻም ንቡ ገባለት።»

ተረቱ ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ታላቅ እህቴ አስቴር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለተኛ ጊዜ ወድቃ፣ እናቴ እንደገና ተፈተኚ፣ እሷ ደግሞ በቃኝ ሲሉ ቤቱ ሲታመስ ነበር የዋለው። አስቴር መቀመጥ አልቻለችም። በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የሌለ ዝናብ ታያለች፤ እኔም እሷን እያየሁ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብድግ እል ነበር።

«ጋሼ» አለች ድንገት፣ «አባባ ማንኪራ ጫካ ንብ እምቢ ያለውን ቀፎ ምን እንደሚያደርገው ያውቃሉ?»

ጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅለው አባቴ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። እሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ቀፎ ይወርዳል፣ ውስጡ እንደገና ይታጠናል፣ ሌላ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ባዶ ቀፎ ሥር ተቀምጦ የሚያረጅ የለም።

«ያም ጊቭ አፕ ነው?» አለች አስቴር።

ጋሽ አድማሱ መቆስቆሻውን አስቀመጡ። «ነው እንጂ። እኔም ሲጋራ ስተው በእንግሊዝኛ ጊቭ አፕ ነው የሚባለው፤ ያኔ ማንም አላለቀሰም።»

ሁላችንም ስንስቅ እናቴ ግን አልሳቀችም። ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«እሺ፣ ይውረድ። የት ልትሰቅዪው ነው ታዲያ?»

አስቴር ተመልሳ በሩን ከፈተች።

ዛሬ እሷ ቢታ ገነት ከተማ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን አባባል ሳስተምር ሁለቱንም አጠቃቀም እናገራለሁ፣ ተማሪዎቼም ቶሎ ይገባቸዋል። እኔን እስካሁን ዕረፍት የሚነሳኝ ትርጉሙ አይደለም። መተዉ በአንድ ምሽት አለቀ፤ አስቴር ግን የእናቴን ጥያቄ መልስ እስክታገኝ ዓመታት በየዘመዱ ቤት ተንከራትታለች፣ እናቴም ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላለቻትም።