ወንድሜ የጠራቸው የቼዝ እንግዶች

ወንድሜ ሲሞት እንግዶቹን ጠርቶ ጨርሶ ነበር። ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው ውድድሩን ያዘጋጀሁት እኔ ይመስለዋል። እኔ አይደለሁም። እኔ እሱ የጠራቸውን ነው የተቀበልኩት።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበር። ቤተሰባችን የሚኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ እሱ ግን ለሥራው ብሎ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ ነበር። ቼዝ የለመደው ከሾፌሮች ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች ተራ ሲጠብቁ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይጫወታሉ። እሱም ከሥራ ሲወጣ እዚያ ይቆማል። መቆም ብቻ አይደለም፣ ያወራል። እኛ ጋ ቼዝ የሁለት ሰው ጨዋታ አይደለም። ሁለቱ ይቀመጣሉ፣ የቀረው ቆሞ ይጫወታል።

"አትንካው!"

"ንግሥትህን አውጣት እንጂ፣ ለሠርግ ነው የምታስቀምጣት?"

"ወላሂ ይኼ ሰውዬ ንጉሡን ሊያስበላ ነው!"

እዚያ በረንዳ ላይ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ካለ ያመመው ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። አንዲት ትንሽ ደሴት አገር ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር አዘጋጅታለች። ከጠረጴዛዎቹ ጀርባ በመስኮቱ ባሕር ይታያል።

"አየህ፣" አለኝ፣ "ይቺ አገር እኮ ሙሉዋን ገራዶ ሜዳ ላይ ትሰፍራለች። ዙሪያዋን ውኃ ነው። እንግዳ የሚመጣላት በአውሮፕላን ወይ በመርከብ ነው። እኛ ጋ አስፋልት አለ። ጅቡቲ ያለ ሰው መኪና ተሳፍሮ፣ ባቲን አልፎ መምጣት ይችላል። ታዲያ እኛ ምን ጎደለን?"

"ባሕር" አልኩት።

"ቦርከና ወንዝ አለ" አለኝ።

ሻይ ቤት ሲነግራቸው ሳቁበት። አንዱ ሾፌር፣ "ዓለም አቀፍ? አንተ ራስህ እዚህ ታች ሐርቡን ተሻግረህ ታውቃለህ?" አለው። ወንድሜ አልተናደደም። "እኔ ባልሻገርም እነሱ ይሻገሩ" ብሎ ሻዩን ጠጣ። ኋላ ግን እንግዳ ያገኘለት ያው የሳቀበት ሾፌር ነው። ጅቡቲ ውስጥ ለወጣቶች ቼዝ የሚያስተምር አንድ መምህር ያውቅ ነበር። መምህሩ ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛ ይችላል። ከእሱ ጋር ወንድሜ በስልክ ሲያወራ፣ ሲለምን፣ ሲያሳምን ከረመ። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ለመምጣት ተስማማ። ከተማሪዎቹ አንዱ የኮሞሮስ ልጅ ነበር፤ ለትምህርት ነው ጅቡቲ የመጣው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ የሆነውን ሁኔታ አልረሳውም። "የደሴት ሰው! የደሴት ሰው ራሱ ኮምቦልቻ ሊመጣ ነው!" እያለ ቤት ውስጥ ይመላለስ ነበር።

ዳኛም ከአዲስ አበባ አገኘ። ዳኛው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጥብቅ። ውድድሩ ዓለም አቀፍ ተብሎ እንዲመዘገብ መጨረሻ ላይ የእሳቸው ፊርማ ያስፈልጋል። "ደንቡ ከተከበረ እፈርማለሁ። ካልተከበረ ግን ጓደኛሞች ተሰብስበው ተጫወቱ እንጂ ውድድር ተደረገ አይባልም" ብለውታል።

ከዚያ ወንድሜ ታመመ። ጉበቱን ነው።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ሆስፒታል ተኝቶም የሚያወራው ስለ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛ ከተነቃነቀ ቼዝ አይሆንም፣ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፋችሁ አድርጉ ይለኝ ነበር። እኔ እሺ እላለሁ። ስለ ሌላ ነገር እንዲያወራኝ እፈልግ ነበር። ስለ ሌላ ነገር አላወራኝም።

ከቀብሩ በኋላ ጅቡቲ ለመምህሩ ደወልኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር መምራት አላውቅም። እንዲቀር ልነግረው ነበር የደወልኩት። መርዶውን ስነግረው ስንት ቀን እንደሆነው ጠየቀኝ። ከዚያ፣ "መጀመሪያ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ከዚያ እንጫወታለን" አለኝ። እንዴት እንቢ ይባላል?

መጡ። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሙቀት ስለነበር ቀለል ያለ ነገር ነው የለበሱት። እንዲያው እንዳሉ ሚኒባስ ተሳፍረን ደሴ ወጣን፣ ሆጤ ስንደርስ የኮሞሮሱ ልጅ በብርድ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ማን እንደሆነ እንኳን ሳትጠይቅ የወንድሜን ሹራብ አምጥታ አለበሰችው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

አባቴ ቼዝ አይወድም ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ለሠርግም ለእርቅም ዱዓ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ቼዝን ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው መዋያ ነው የሚለው። በዚህ ከወንድሜ ጋር ሲነታረኩ ነው የኖሩት። እንግዶቹን "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብሎ አስቀመጣቸው። ከኮሞሮሱ ልጅ ጋር ቋንቋው አይገናኝም። ትንሽ እንደቆየ ልጁ ሁለት እጁን ዘረጋና ፋቲሓ፣ የቁርዓኑን መክፈቻ፣ መቅራት ጀመረ። አባቴ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አብሮት ቀራ። ሲጨርሱ አባቴ መምህሩን፣ "ይኼን ልጅ የኔ ልጅ ነው ከባሕር ማዶ ያስመጣው?" አለው።

"አዎ አባባ። ሁላችንንም የጠራን እሱ ነው።"

አባቴ በማግስቱ ጫማውን አስጠርጎ ከእኛ ጋር ኮምቦልቻ ወረደ።

ውድድሩ የተደረገው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። የወንድሜ የሥራ ጓደኞች ጠረጴዛ በጋሪ አመጡ፣ እግሩ ሥር ካርቶን አደረግን። ሾፌሮቹ መጡ። የፋብሪካ ሠራተኛው ፈረቃውን እየጨረሰ፣ ቱታውን ሳያወልቅ መጣ። ከደሴ ዙሪያ አትክልት ይዘው የወረዱ ገበሬዎች ሳይቀሩ ሰው ሲሰበሰብ አይተው ገቡ። አዳራሹ ሞላ። እንዲህ ይሞላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ችግሩም ይኸው ሆነ። የመጣው ሰው ሁሉ የበረንዳውን አመል ይዞ ነው የመጣው። ዳኛው በአማርኛ "ጸጥታ!" ይላሉ፣ ሰው እሺ ይላል፣ ወዲያው አንዱ "ኧረ ወታደሩን!" ይላል። ሌላው ዝም ሊያሰኘው ከእሱ በላይ ይጮኻል። መጀመሪያ ዳኛው ታገሱ። እኔ በየጥጉ እየዞርኩ ለመንኩ።

"ወዳጄ፣ እባክህ ዝም በል፣ ደንቡ አይፈቅድም።"

"እኔ መቼ ተናገርኩ? ለራሴ ነው ያወራሁት!"

የመጨረሻው ዙር ላይ የኮሞሮሱ ልጅ ከእኛዋ ልጅ ጋር መጫወት ደረሰው። ፋብሪካ ውስጥ ከወንድሜ ጋር የምትሠራ ናት፣ ቼዝ ያስተማራት እሱ ነው፣ ኋላ እሱንም ታሸንፈው ነበር። ሁሉም ሰው ወደ እነሱ ጠረጴዛ ተሰበሰበ። ልጅቷ እጇን ወደ ሰሌዳው ስትዘረጋ ከኋላ አንድ ሰው፣ "ፈረሱን! በአላህ ፈረሱን!" ብሎ ጮኸ።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። የኮሞሮሱ ልጅ አማርኛ ባያውቅም የሆነው ገብቶታል። የጨዋታውን ሰዓት አቆመና ዳኛውን አየ።

ዳኛው ተነሱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ወደ እኔ መጥተው ቀስ ብለው፣ "አዝናለሁ ልጄ። አንድ ቃል ከተደገመ ጨዋታውን አቋርጣለሁ፣ ሪፖርቱንም አልፈርምም" አሉኝ።

ሰውን ማስወጣት አይቻልም፤ ማን ወጥቶ ማን ይቀራል? ሁሉም የወንድሜ ሰው ነው። ዝም ይላሉ ማለትም አይቻልም። ጥፋታቸው አይደለም፣ ቼዝ ለእነሱ እንዲህ ነው። ለወንድሜም እንዲህ ነበር። ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነበር።

አባቴ ከተቀመጠበት ጠራኝ። "ምን አሉህ?"

ነገርኩት።

"ዝም ካሉ ይፈርማሉ?"

"አዎ አባዬ። ግን ዝም አይሉም።"

ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። ሰዉ መሐል ገብቶ ቆመ፣ ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝና ሁለት እጁን ዘረጋ። "ዱዓ እናድርግ" አለ።

ወሎ ውስጥ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲቆም የማይዘረጋ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘረጋ። ሾፌሮቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አባቴ ለእንግዶቹ መንገድ ዱዓ አደረገ፣ ለዳኛው ጤና አደረገ፣ ለሁለቱም ተጫዋቾች አደረገ። ሰዉ በየመሐሉ "አሚን" ይላል። ከዚያ ማሳረጊያው ላይ ይደርሳል ስንል አባቴ አቆመ።

"እጃችሁን ማውረድ ትችላላችሁ" አለ። "ዱዓው ግን አልተዘጋም። የምዘጋው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ዱዓ ላይ ናችሁ።"

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። የራሱን እጆች አላወረደም፤ ጉልበቱ ላይ እንደተዘረጉ ተዋቸው።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። በክፍት ዱዓ ላይ ማን ያወራል? የሰዓቱ መርፌ ይሰማል። ውጪ የሚያልፈው ተሳቢ መኪና ይሰማል። "ፈረሱን" ብሎ የጮኸው ሰውዬ ኮፍያውን አፉ ላይ ይዞ ቆሟል። አንድ ሌላ ሠራተኛ ከፈረቃ ወጥቶ በሩን ከፍቶ፣ "አሰላሙ..." ብሎ ጀምሮ የአባቴን እጆች አየና፣ ቀሪውን ውጦ የራሱን እጆች ዘረጋ። ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ እዚያው በሩ ላይ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ዳኛው አይተውት ፊታቸውን በወረቀት ሸፈኑ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅቷ ፈረሱን አልነካችም። ስለተጮኸላት ብቻ ይመስለኛል የተወችው፣ ለክብሯ። ግንቡን ነው ያንቀሳቀሰችው። ለረጅም ጊዜ ታገሉ። በመጨረሻ ንጉሧን ቀስ አድርጋ አስተኛችውና እጇን ለእንግዳው ዘረጋች። ተሸነፈች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ።

አባቴ ግን ወደ ዳኛው ነው ያየው። ዳኛው ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ። ያኔ አባቴ ተነሳ። ያስቀረውን ዱዓ ጨረሰ። ያስቀረው የወንድሜን ነበር። ስሙን ጠራ። ከሞተ ጀምሮ ስሙን ጮክ ብሎ ሲጠራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። "አሚን" የሚለው የሰዉ ድምፅ የጣሪያውን ቆርቆሮ አነቃነቀው። ወዲያውም ሁሉም አፉ ላይ የያዘውን ለቀቀ። ፈረሱን ነበር፣ አልነበረም፣ ወታደሩን ነበር እያለ አዳራሹ ገበያ ሆነ። የኮሞሮሱ ልጅ ሙቀቱም ሳያስወልቀው በወንድሜ ሹራብ መሐላቸው ተይዞ በእጁ ምልክት ይከራከራቸው ነበር።

ማምሻውን እኔና አባቴ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንወጣ አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ሰላምታ ሰጠው።

"ከየት ይመጣሉ አባባ?"

"ከልጄ ውድድር" አለ አባቴ። "የቼዝ ነው። ዓለም አቀፍ።"

"ማሻአላህ! ማን አሸነፈ ታዲያ?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ለካ እሱን አልጠየቀም ነበር።

"ማን ነው ያሸነፈው?" አለኝ።

"የደሴቱ ልጅ ነው አባዬ።"

"ጎበዝ ነው" አለ ለሰውዬው። "ልጄ ነው ያመጣው።"